ለትንንሽ ጀልባዎች የሚስማማ የማሰሪያ ገመድ አመራረጥ

በጣና ሐይቅ ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ ባለጀልባ ሞተር ሲገዛ ብዙ ይጠይቃል፤ ብዙም ይከራከራል። የማሰሪያውን ገመድ ግን አብዛኛውን ጊዜ በርካሽ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ጀልባው ከሚጓዝበት ሰዓት ይልቅ ታስሮ የሚቆምበት ሰዓት ይበልጣል። ሌሊት ነፋስ ተነሥቶ ገመዱ ቢበጠስ ጀልባው ከድንጋይ ጋር ይላተማል፤ የባለቤቱም የዕለት እንጀራ ይቋረጣል። ስለዚህ የገመድን ጠባይ ማወቅ ለገዢውም ለሻጩም የሚጠቅም ነው።

ከማሰሪያ ገመድ የሚፈለገው ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ መለጠጥም ጭምር ነው። ሞገድ ጀልባውን በገፋው ቁጥር ገመዱ ጥቂት ተለጥጦ ካልተመለሰ፣ የግፊቱ ኃይል በሙሉ በማሰሪያው ብረት ላይ ያርፋል፤ ብረቱም ከነጣውላው ሊነቀል ይችላል። ሰንሰለትና የሽቦ ገመድ ለዚህ ሥራ የማይመረጡት ስለዚሁ ነው።

በዚህ ረገድ የተሻለው የናይለን ገመድ ነው፤ በደንብ ይለጠጣል፣ መፋተግንም ይችላል። ውሃ ሲጠጣ ግን ከጥንካሬው ጥቂት ይቀንሳል። ፖሊስተር ጠንካራና ፀሐይን የሚችል ቢሆንም የሚለጠጠው ከናይለን ባነሰ መጠን ነው። ርካሹ የፖሊፕሮፒሊን ገመድ ፀሐይ ሲበዛበት ይደርቃል፣ ይፈረካከሳል፤ ጣና ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ ፀሐዩ ብርቱ ነው። የቃጫ ገመድም እርጥበት ሲደጋገምበት ይበሰብሳል። የገመዱ ዓይነት አጠራጣሪ ከሆነ ቁራጩን በውሃ ላይ መጣል ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል፣ ናይለንና ፖሊስተር ይሰጥማሉ።

ስለ ውፍረቱ በመርከበኞች ዘንድ የተለመደው ሥርዓት፣ ለጀልባው ርዝመት ለእያንዳንዱ 9 ጫማ የ1/8 ኢንች ውፍረት መስጠት ነው። በዚህ ስሌት 27 ጫማ ርዝመት ያለው ጀልባ የ3/8 ኢንች፣ ማለትም 10 ሚሊ ሜትር ያህል ገመድ ይበቃዋል። ከልክ በላይ የወፈረ ገመድም ጥቅም የለውም፤ ዋጋው ይጨምራል፣ መለጠጡም ይቀንሳል።

ከፊትና ከኋላ ለሚታሰሩት ገመዶች የጀልባው ርዝመት ሁለት ሦስተኛ ይበቃል። ጀልባው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት በጎኑ በአግድም የሚታሰሩት ሁለቱ ግን የጀልባውን ሙሉ ርዝመት ያህል መሆን አለባቸው። ይህም ሆኖ የጣና ውሃ ከክረምቱ በኋላ ሞልቶ በበጋ ስለሚጎድል፣ በመስከረም የታሰረ ገመድ በግንቦት አይስማማም። ውሃው ሲጎድል አጭር ገመድ ጀልባውን አንጠልጥሎ ሊያስቀረው ስለሚችል፣ ርዝመቱን እየተመለከቱ ማስተካከል ያስፈልጋል።

በመጨረሻም፣ ጥሩ ገመድ እንኳ በሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ሲፋተግ ይበላል። በሚፋተግበት ቦታ ላይ የአሮጌ ጎማ ቱቦ ወይም ወፍራም ጨርቅ መጠቅለል ዕድሜውን ያረዝማል። ቋጠሮም የገመዱን ጥንካሬ በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ የጫፉ ቀለበት ክሮቹን እርስ በርስ በመጐንጐን ቢሠራ ይመረጣል።

ገመድ የሚያቀርቡ ነጋዴዎችም የእያንዳንዱን ጥቅል ዓይነትና ውፍረት በግልጽ ጽፈው ቢሸጡ፣ ገዢው ዋጋን ብቻ ሳይሆን ጥራትን አመዛዝኖ ይገዛል፤ እነርሱም የደንበኛቸውን እምነት ያተርፋሉ።