ዝቅተኛ ነጥብና የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ቤት በር

ቀደም ሲል በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ስናስተምር ከተማሪዎቻችን አንዷ የነበረች ወጣት በቅርቡ ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ፣ አንድ ጥያቄ ልካልናለች። ዐሥረኛ ክፍልን እንደ ጨረሰች ከወላጆቿ ጋር ወደዚያ ሄዳ፣ ሌሊት በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆና እየሠራች፣ ቀን እየተማረች በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛለች። ምኞቷ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መሆን ነው። ሆኖም የአራቱ ዓመት አማካይ ነጥቧ 2.70 ነው። «ጋሼ፣ አንዱ ‹በዚህ ነጥብ አትልፊ› ይለኛል፤ ሌላው ‹ግድ የለም፣ ዝም ብለሽ አመልክቺ› ይለኛል። የማንን ልስማ?» ስትል ጠይቃናለች።

ሁለቱም መካሪዎች የዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሒሳቡን አለመሥራታቸው ነው። ጥያቄዋን ወደዚህ መጽሔት ያመጣነውም ዘመድ ወይም የቀድሞ ተማሪ በአሜሪካ ያለው መምህር ብዙ ስለ ሆነና፣ «አማካይ» የሚባለው ነገር በየክፍላችን በሚገባ ሳይታወቅ የብዙ ተማሪ ተስፋ ስለሚያጨልም ነው።

ትምህርቱ ምን ይጠይቃል?

ፊዚዮቴራፒ በሕመም፣ በአደጋ፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በእርጅና የተዳከመ ሰው እንቅስቃሴውን መልሶ እንዲያገኝ የሚረዳ ሙያ ነው። አሜሪካውያን «ፊዚካል ቴራፒ» ይሉታል። ሥልጠናው ከአገር አገር ይለያያል። በአገራችን፣ ለምሳሌ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። በአሜሪካ ግን ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በሌላ መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ይማራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 መግቢያ ጀምሮም ዕውቅና ያለው የፊዚካል ቴራፒስት ትምህርት ቤት ሁሉ የሚሰጠው የዶክትሬት ዲግሪ ነው።

ለመግባት በቅድሚያ የሚፈለጉ ትምህርቶች አሉ። እነርሱም በአብዛኛው አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ስታቲስቲክስና ሳይኮሎጂ ናቸው። ማመልከቻው ደግሞ በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ዘንድ ፒቲካስ በተባለው ማእከላዊ የማመልከቻ አገልግሎት በኩል ይቀርባል። ብዙዎቹ የሚጠይቁት ዝቅተኛ አማካይ ነጥብ 3.0 ነው፤ ከዚህ በታች የሚቀበሉም አሉ። ነገር ግን ለማመልከት የሚፈቅድ ነጥብና የሚያስገባ ነጥብ አንድ አይደሉም፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች የገቡት ተማሪዎች አማካይ 3.5 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነውና።

ትምህርት ቤቶቹ ነጥብን ይህን ያህል የሚያዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ትምህርቱ ገና ከመነሻው ከባድ ነው፤ በመጨረሻም ተመራቂው የሥራ ፈቃድ ለማግኘት ብሔራዊ ፈተና ማለፍ አለበት። ዕውቅና ሰጪው አካል ከተመራቂዎች ምን ያህሉ ፈተናውን እንዳለፉ ይመለከታል። ስለዚህ መራጮቹ በነጥቡ ውስጥ የሚፈልጉት የአንድ ጥያቄ መልስ ነው፤ «ይህ ተማሪ ከባድ የሳይንስ ትምህርት ይዘልቃል ወይስ አይዘልቅም?» የሚል።

የአማካይ ጠባይ

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። «ኤ» 4፣ «ቢ» 3፣ «ሲ» 2 ነጥብ ይይዛሉ። ተማሪዋ 120 ክሬዲት ወስዳ አማካይዋ 2.70 ስለ ሆነ ጠቅላላ ነጥቧ 120 × 2.70 = 324 ነው። ነገሩን ለማቅለል በዓመት 30 ክሬዲት ወሰደች እንበል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አማካይዋ 2.30፣ በሦስተኛው ዓመት 3.00፣ በአራተኛው 3.20 ነበር።

ከዲግሪዋ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ 30 ክሬዲት ወስዳ በሁሉም «ኤ» ብታገኝ 120 ነጥብ ትጨምራለች። ጠቅላላው 444 ነጥብ በ150 ክሬዲት ይሆናል፤ 444 ÷ 150 = 2.96። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች ጉድለት ተምራ እንኳ 3.0 አልደረሰችም። ለመድረስ 36 ክሬዲት በሙሉ «ኤ» ያስፈልጋታል። የአዲሶቹ ትምህርቶች አማካይ 3.70 ቢሆን ደግሞ 52 ክሬዲት ያህል ይፈልጋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አማካይ እንደ ጋን ውኃ ነው፤ ከሞላ በኋላ አንድ ጣሳ ማር ቢጨመርበት ጣዕሙ እምብዛም አይለወጥም። «ዝም ብለሽ አመልክቺ» የሚለው መካሪ ይህን አላየም።

ያው ውጤት በሌላ ዓይን

«አትልፊ» የሚለው መካሪም ያላየው አለ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ጠቅላላ አማካዩን ብቻ አያዩም። አንዳንዶቹ የመጨረሻዎቹን 60 ክሬዲት ለይተው ያሰላሉ። ተማሪዋ 30 ክሬዲት በ«ኤ» ከጨመረች የመጨረሻዎቹ 60 ክሬዲቶች የአራተኛው ዓመትና የአዲሱ ዓመት ናቸው። ስሌቱም 96 + 120 = 216 ነው፤ 216 ÷ 60 = 3.60። ያው ልጅ፣ ያው ደብተር፣ በአንዱ ዓይን 2.96፣ በሌላው 3.60 ነው።

ሁለተኛው ዓይን የቅድመ ትምህርቶቹ አማካይ ነው። ስምንት ቅድመ ትምህርቶች፣ እያንዳንዳቸው 4 ክሬዲት፣ ወስዳ በአንዱ «ኤ»፣ በሦስቱ «ቢ»፣ በአራቱ «ሲ» አገኘች እንበል። 84 ነጥብ በ32 ክሬዲት 2.63 ይሆናል። ከአራቱ «ሲ» ሦስቱን፣ ማለትም ሁለቱን አናቶሚና ፊዚዮሎጂ እንዲሁም አንዱን ፊዚክስ ደግማ «ኤ» ብታመጣ፣ አዲሱን ውጤት ብቻ በሚይዝ ትምህርት ቤት አማካይዋ 108 ÷ 32 = 3.38 ይሆናል። የፊተኛውንም የኋለኛውንም በሚቆጥር ትምህርት ቤት ግን 132 ÷ 44 = 3.00 ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንድ ኮሌጆች ትምህርት ሲደገም የቀድሞውን ውጤት ከአማካዩ ያወጡታል። ፒቲካስ ግን ሁለቱንም ይቆጥራል። ስለዚህ ብዙ አመልካች በኮሌጁ ወረቀት ላይ ካየው ያነሰ ነጥብ ሲያገኝ ይደነግጣል። የየትምህርት ቤቱን ደንብ አስቀድሞ ማንበብና በዚያው ደንብ ማስላት ይገባል። ስንት ጊዜ መድገም እንደሚፈቀድና ቅድመ ትምህርቱ ከተወሰደ ስንት ዓመት ቢያልፈው እንደማይቆጠርም ማጣራት ያስፈልጋል። በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ደግሞ ውጤቱን ትምህርት ቤቱ በሚቀበለው ገምጋሚ ድርጅት ማስተርጎም ይጠበቅበታል፤ አንዳንዶቹም ቅድመ ትምህርቶቹ በአሜሪካ ኮሌጅ እንዲወሰዱ ይፈልጋሉ።

መጀመሪያ ምክንያቱ ይወገድ

ከስሌቱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት። ነጥቡ ለምን ዝቅ አለ? ተማሪዋ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሌሊት ሠርታ ጠዋት ክፍል ትገባ ነበር። ይህ ሳይለወጥ አናቶሚን ብትደግም ሁለተኛ «ሲ» ማግኘቷ አይቀርም። ሁለተኛው «ሲ» ደግሞ ከፊተኛው የከፋ ምስክር ነው፤ የፊተኛው «ያኔ አልተመቻትም» ሊያሰኝ ይችላል፤ የኋለኛው ግን «አትችልም» ያሰኛል። ስለዚህ በአንድ ወሰነ ትምህርት አንድ ወይም ሁለት ትምህርት ብቻ ወስዶ በደንብ መሥራት፣ አምስት ይዞ ከመዋተት ይሻላል።

ከነጥብ ውጭ የሚታዩ ነገሮችም አሉ። በሆስፒታልና በክሊኒክ ባለሙያውን ተከትሎ ሥራውን ማየት፣ ተማሪውን ከሚያውቅ ባለሙያና መምህር የምስክርነት ደብዳቤ ማቅረብ፣ ጽሑፍና ቃለ መጠይቅ ዋናዎቹ ናቸው። ጂአርኢ የተባለውን ፈተና ብዙ ትምህርት ቤቶች በቅርብ ዓመታት ትተውታል፤ የሚጠይቁም አሉ። በጽሑፉ ላይ ስለ ዝቅተኛው ነጥብ የሚነገረው አጭር ይሁን፤ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የተለወጠው ነገር በሌላ፣ ማስረጃው በሦስተኛ። ማማረር ወረቀት ይሞላል እንጂ ነጥብ አይሞላም።

ሌላው ጥንቃቄ ገንዘብ ነው። አንዳንዱ ነጥቡን ለማሻሻል ሲል በብድር የማስተርስ ዲግሪ ይጀምራል። የድኅረ ምረቃ ነጥብ ግን ለብቻው ይቆጠራል እንጂ የመጀመሪያ ዲግሪውን አማካይ አያነሣም። የጎደሉትን ትምህርቶች ብቻ፣ ትምህርት ቤቶቹ የሚቀበሉት ከሆነ ክፍያው ዝቅ ባለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መውሰድ ይመረጣል። በሁለት ዓመት የሚያልቅ የፊዚካል ቴራፒስት ረዳት ሥልጠናም አለ፤ የተከበረ እንጀራ ነው። ነገር ግን ወደ ዶክትሬቱ የሚያስገባ አቋራጭ መንገድ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው፤ ወደዚያ ለመሻገር የሚያስችሉ ልዩ ፕሮግራሞች እጅግ ጥቂቶች ናቸውና።

የመምህሩ ድርሻ

ለወጣቷ የጻፍንላት መልስ ይኸው ነበር። የትምህርት ቤቶቹን ደንብ በሦስት ረድፍ እንድትጽፍ ነገርናት፤ በአንደኛው ጠቅላላ አማካይ 3.0 ግድ የሚሉትን፣ በሁለተኛው የመጨረሻዎቹን 60 ክሬዲት የሚያዩትን፣ በሦስተኛው የተደገመን ትምህርት አዲስ ውጤት ብቻ የሚይዙትን። ለመጀመሪያዎቹ ገንዘቧን እንዳታባክን፣ ለሁለቱ ግን እንድትዘጋጅ መከርናት። እርሷም የሌሊቱን ሥራ ትታ ቅዳሜና እሑድ ብቻ መሥራት ጀምራለች፤ የመጀመሪያውን አናቶሚና ፊዚዮሎጂም ለመድገም ተመዝግባለች። ትገባለች ብለን አንምልም። የምትደክመው ግን የት እንደሚያደርስ አውቃ ነው።

እኛ መምህራን ተማሪ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ወይ እናጽናናዋለን ወይ እንገሥጸዋለን። ሁለቱም ቀላል ናቸው። የሚከብደው ወረቀትና እርሳስ ይዞ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ከላይ የሠራነውን ስሌት የሒሳብ መምህራን በክፍላቸው እንዲያሠሩት አደራ እንላለን፤ 36 ክሬዲት እንዴት እንደ ተገኘ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይድረሱበት። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያለ ልጅ የመጀመሪያው ዓመት ነጥብ እስከ መጨረሻው አብሮት እንደሚጓዝ ዛሬ በራሱ እጅ ቢያሰላው፣ ነገ ማንም ሊያጽናናው አያስፈልግም።