የድሮ ብረት ወይስ አዲሱ? ለትራክ የሚሆን ያገለገለ መኪና ስትገዙ

ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደወለልኝ። የአገር ልጅ ነው፤ እሱም እንደኔ ቀኑን ሙሉ ኮድ ሲጽፍ ነው የሚውለው። "ሁለት መኪና አይቻለሁ፣ የቱን ልግዛ?" አለኝ። አንዱ የ2000 ማዝዳ ሚያታ፣ ሰባት ሺህ ዶላር። ሌላው የ2015 ሱባሩ ቢአርዜድ፣ አሥራ አራት ሺህ ዶላር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የፈለገው ለሥራ መመላለሻ አይደለም፤ ለትራክ ዴይ ነው። ቀላል ጥያቄ መስሎኝ "ነገ እነግርሃለሁ" አልኩት። ይኸው አራት ሳምንት ሆነ፤ መልሱም አድጎ ጽሑፍ ሆነ።

ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። ትራክ ዴይ ውድድር አይደለም። የራሳችሁን መኪና ይዛችሁ፣ ለመኪና እሽቅድምድም በተሠራ ዝግ መንገድ ላይ፣ ከፍላችሁ በፍጥነት የምትነዱበት ቀን ነው። አሸናፊ የለም፣ ዋንጫም የለም። ጀማሪ ከሆናችሁ አጠገባችሁ አስተማሪ ይቀመጣል። ሌላ መኪና የምታልፉት በተፈቀደ ቦታ፣ የፊተኛው በእጁ ምልክት ሲሰጣችሁ ብቻ ነው። እኛ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች የምንሄደው ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው ሰሚት ፖይንት ነው። የዋናው ትራክ አንድ ዙር 3.2 ኪሎ ሜትር ሲሆን አሥር ኩርባ አለው።

እኔ የገባሁበት በ1999 ሚያታ ነው። ለዚህ ተጠያቂው አባቴ ነው ብል አላጋነንኩም። አዲስ አበባ ሳድግ ቤታችን ቮልስ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኋላ ከፍቶ ሞተሯን ሲነካካ ይውላል፤ እኔ መፍቻ አቀባይ ነበርኩ። "የድሮ ብረት አይሞትም" ይል ነበር። ብዙዎቻችን ያደግነው በዚህ እምነት ነው፤ እዚህም ይዘነው መጥተናል። ቡና ላይ የመኪና ወሬ ከተነሳ አንዱ ወገን "የአሁኑ መኪና እኮ ፕላስቲክ ነው" ይላል፤ ሌላው "ምን አስጨነቀህ፣ አዲሱን በብድር አውጣው" ይላል። ለትራክ ሲሆን ሁለቱም ምክር ያሳስታል።

መጀመሪያ የአሮጌዋን ደግ ነገር ልናገር፤ ስለምወዳት። ሚያታዬ 140 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያላት፤ ክብደቷ ግን አንድ ቶን ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ትራክ ላይ ሁሉን ነገር ይወስናል። አንድ ቶን መኪና በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትቆም ፍሬኗ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት አንድ ሜጋ ጁል ገደማ ነው። 1,700 ኪሎ የሚመዝን ዘመናዊ ባለ ቱርቦ መኪና በዚያው ቀጥታ መንገድ 200 ይገባል፤ ጉልበቱም 2.6 ሜጋ ጁል ይሆናል። ያ ሁሉ ሙቀት የሚያልቀው ፍሬን ሸራው፣ ዲስኩና ጎማው ላይ ነው፤ የሚከፈለው ደግሞ ከኪሳችሁ ነው። ቀላል መኪና የያዘ ሰው ጎማ ሳይቀይር ብዙ ቀን ይነዳል። ከባዱንና ባለ ጉልበቱን የያዘው ከሰዓት በኋላ ስለ ፍሬን ሸራ ዋጋ ሲያወራ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ አባቴ አባባል። ብረቱ በእርግጥም አይሞትም። የሚሞተው ጎሚኒው ነው። ሃያ አምስት ዓመት በሞላው መኪና ላይ የፍሬን ቱቦው፣ የውሃ ቱቦው፣ የአሞርዛተሩ ጎሚኒ፣ የራዲያተሩ ፕላስቲክ ጫፍ፣ ሁሉም እኩል አርጅተዋል። በከተማ መንገድ ስትነዱ አይታወቅም፤ ትራክ ላይ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል።

እኔ ያወቅኩት በሁለተኛው ቀኔ ነው። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ፣ አንደኛው ኩርባ ጋ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ ዝም ብሎ ወለል ነካ። ደጋግሜ ረገጥኩት፣ ትንሽ ያዘልኝ፣ ግን ኩርባው አልፎኝ ነበር። ሣሩ ውስጥ ገብቼ አጥሩ ጋ ሳልደርስ ቆምኩ። አስተማሪው ለአንድ ደቂቃ ያህል ምንም አልተናገረም፤ ከዚያ "የፍሬን ዘይቱን መቼ ቀየርክ?" አለኝ። አልቀየርኩም ነበር። ሻጩ ሸራው አዲስ ነው ሲለኝ ዘይቱም አዲስ መስሎኝ፣ የምርመራው ቅጽ ላይ በራሴ እጅ "ተቀይሯል" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲገባበት ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ከፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ፍሬን አይዝም። የዚያን ቀን ሚስቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የነገርኳት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያም ሌላ ጥፋት ነው።

ከዚያ በኋላ ሒሳብ መያዝ ጀመርኩ። ሚያታ ጣራዋ ጨርቅ ስለሆነ ብዙ ክለቦች ከወንበር ኋላ የሚተከል ሮል ባር ካላስገባችሁ አያስነዷችሁም፤ ብትገለበጥ ጭንቅላታችሁን የሚጠብቀው እሱ ነው። ሮል ባር፣ የፍሬን ቱቦ፣ አሞርዛተር፣ ራዲያተር፣ ጎማ ሲደመር በአራት ወር 5,200 ዶላር ወጣ። መኪናዋን የገዛኋት በስድስት ሺህ ነበር።

ርካሽ መሆናቸውም ቢሆን ሁሉንም አሮጌ መኪና አይመለከትም። ሆንዳ ኤስ2000 መሠራት ያቆመው በ2009 ነው፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች ገብተውበት ዋጋው ጣራ ነክቷል። የመጀመሪያው ፖርሽ ቦክስተር ርካሽ ነው፤ ግን ሞተሩ ውስጥ ያለች አንዲት ደካማ ኩሽኔታ ከተሰበረች ሞተሩን ይዛ ነው የምትሄደው። ከ2001 እስከ 2006 የተሸጠው ቢኤምደብሊው ኤም3 የኋላ አካሉ የሚሰነጠቅበት ቦታ አለው፤ ሳታዩ አትግዙ።

አዲሱስ? ከ2012 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ፣ ኋላው ሲንሸራተት በራሱ ጎማ እየለየ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። የኔ ሚያታ እሱ የላትም፤ ኤቢኤስ እንኳን በዘመኗ በምርጫ የሚገዛ ነበር። "ኤሌክትሮኒክሱ ስህተትህን ይደብቅብሃል፣ አሮጌዋ ታስተምርሃለች" የሚሉ አሉ። እውነት አለው። ግን ይህን የሚሉት አብዛኞቹ አሥር ዓመት የነዱ ናቸው። ጀማሪ ስህተቱ ሁለት ሦስቴ ቢደበቅለት እኔ አልቃወምም። ቢአርዜዱ 200 የፈረስ ጉልበት ነው፣ 1,250 ኪሎ ገደማ ነው፣ ጣራው ብረት ስለሆነ ሮል ባር አይጠየቅም፤ የጎን ኤርባግም አለው።

የአዲሱ ወጥመድ ብድሩ ነው። የመደበኛ መኪና ኢንሹራንስ ውል ብዙውን ጊዜ ትራክ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም። ለአንድ ቀን የሚገዛ ልዩ ኢንሹራንስ አለ፤ ዋጋው ግን ከመኪናው ዋጋ ጋር ይወጣል። በብድር ያወጣችሁት መኪና አጥሩ ላይ ቢቀር ባንኩ በየወሩ መጠየቁን አያቆምም። ስለዚህ ለጓደኛዬ መጀመሪያ የጠየቅኩት "ስንት አለህ?" ብዬ ነው። አሥራ ሰባት ሺህ አለው። ከዚያ ላይ አገር ቤት የሚልከውን ቀንሰሃል ወይ ስለው ዝም አለ። ለኛ ይህ ጥያቄ ከሞተሩ መጠን ይቀድማል። እህቱን ነው የሚያስተምረው፤ የዓመቱን ሁለት ሺህ ዶላር ለብቻ አስቀምጥ አልኩት።

ሁለተኛው ጥያቄዬ "ጋራዥ አለህ?" ነበር። የለውም። የሚኖረው አፓርትመንት ነው፤ ፓርኪንጉ ላይ መኪና መፍታት ክልክል ነው። ነገሩን የወሰነው ይህ ነው። አሮጌ መኪና ርካሽ የሚሆነው እጃችሁ ላይ ቅባት ሲኖር ነው። እያንዳንዷን ጎሚኒ መካኒክ ጋ ወስዶ የሚያስቀይር ሰው የሰባት ሺህዋን ሚያታ በዓመቱ በአሥራ አምስት ሺህ ገዝቷታል ማለት ነው። ጋራዥ ቢኖረውና ቅዳሜውን መስጠት ቢችል ኖሮ ሚያታዋን እለው ነበር።

ስለዚህ ቢአርዜዱን ነው ያልኩት፤ በጥሬ ገንዘብ፣ ዋጋውን ወደ አሥራ ሦስት ሺህ አስወርዶ። የሚተርፈው ሁለት ሺህ ለፍሬን ዘይት፣ ለሸራ፣ ለጎማ፣ ለራስ ቁርና ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ክፍያ። የፊታችን ቅዳሜ አብረን ልናየው እንሄዳለን። የእጅ ባትሪ እይዛለሁ፤ ከሥር ዘይት የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ ለማየት። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮችም አነባለሁ፤ 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይቀየራል። የቀድሞው ባለቤት ትራክ አስገብቶት እንደሆነም በግልጽ እንጠይቃለን።

ትናንት ማታ ደግሞ ጓደኛዬ መልእክት ላከ፤ ሚስቱ አብራ ልትመጣ ነው። "የኋላ ወንበር አለው፣ ለልጆቹ ይሆናል ብያታለሁ" ይላል። የዚያ መኪና የኋላ ወንበር ሲታጠፍ አራት ጎማ እንደሚይዝ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ቅዳሜ ብትጠይቀኝ ምን እንደምላት ገና አልወሰንኩም።