ተሸናፊ ቡድን ገበያ ሲወጣ

በ2014 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ሁለት ከተሞች በአንድ ሰሞን ሁለት ዓይነት ዜና ሰሙ። የሰበታ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ከጅማ አባ ጅፋርና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። በሌላው ወገን ለገጣፎ ለገዳዲ ከኢትዮ ኤሌክትሪክና ከኢትዮጵያ መድን ጋር ወደ ሊጉ አደገ። የለገጣፎ ደስታ ግን ከዓመት አላለፈም፤ በ2015 ዓ.ም. እሱም ተመልሶ ወረደ።

ለመሆኑ የተሸነፈ ቡድን በክረምቱ ምን ይዞ ገበያ ይወጣል?

የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ አለው። እዚያ ወራጅ የሚባል ነገር የለም። እንዲያውም ዓመቱን ሲሸነፍ የከረመ ቡድን፣ አዳዲስ ወጣቶች በሚመረጡበት ወረፋ ከፊት የመቆም ዕድሉ ይሰፋል። ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ እ.ኤ.አ. በ2022/23 ካደረጋቸው 82 ጨዋታዎች በ60ው ከተሸነፈ በኋላ የመጀመሪያው ዕጣ ወጥቶለት ፈረንሳዊውን ቪክቶር ዌምባንያማን ወሰደ። በመጀመሪያው ዙር የሚመረጡ ጀማሪዎች ደሞዝ አስቀድሞ በወጣ ሠንጠረዥ ስለሚመራ ደካማው ከሀብታሙ ጋር ጨረታ አይገባም። ሊጉ ለተሸናፊው ድጎማ ይሰጣል ማለት ነው፤ ድጎማው በሰው መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። (አንዳንዱ ቡድን ሆን ብሎ ይሸነፋል እየተባለ መታማቱም ከዚሁ የመጣ ነው።)

በአገራችን እግር ኳስ እንዲህ ያለ ወረፋ የለም። ውሉ ያለቀ ተጫዋች የተሻለ ወደከፈለው ይሄዳል። የወረደ ክለብ ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ከጀመረው መድረክ ስለሚወጣ፣ ሌላ ክለብ የሚፈልጋቸው ተጫዋቾቹ ቀድመው ሻንጣቸውን ይሸክፋሉ። የሚቀረው ፈላጊ ያጣው ነው።

ሰበታ በ2012 ዓ.ም. ወደ ሊጉ ሲመለስ የመረጠው መንገድ ስም ያለው አሰልጣኝ መቅጠር ነበር። ውበቱ አባተን ያዘ። ውበቱ ብሔራዊ ቡድኑን ለመረከብ ሲሄድ ከብሔራዊ ቡድኑ የተነሳው አብርሃም መብራቱ ሰበታ ገባ። ሁለቱ ወንበር ተለዋወጡ ቢባል ያስኬዳል። ለአንድ ከተማ ክለብ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ዋጋውም እንደዚያው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ የከተማ ስም የያዙ ክለቦቻችን ዋና መተማመኛ የአስተዳደሩ በጀት ነው። የስታዲየም መግቢያ እንዳይታሰብ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ቆይቷል። የሰበታ ደጋፊ ቡድኑን ለማየት ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር መውረድ፣ ካልሆነም ቴሌቪዥን መክፈት ነበረበት። በሰፈሩ ሜዳ ትኬት የሚቆርጥለት ሰው ያጣ ክለብ ሆነ።

ፋብሪካዎቹስ? ሰበታ የሜታ አቦ ቢራ አገር ናት። ፋብሪካው ራሱ በስሙ የእግር ኳስ ቡድን ነበረው። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወጣ። ፋብሪካውም ሰበታ በወረደበት በዚያው በ2014 ዓ.ም. ከዲያጆ እጅ ወደ ቢጂአይ ተሸጋገረ። እግር ኳሱ ቴሌቪዥን ላይ በወጣበት ጊዜ፣ ለማሊያው ሊከፍል የሚችለው ትልቁ ጎረቤት ከቴሌቪዥን ታግዶ ነበር።

ወጪው ደግሞ እንዲህ ነው። ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች ወርሃዊ ደሞዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። 25 ተጫዋች በዚህ ጣሪያ ቢቀጠር በወር 1,250,000፣ በዓመት 15 ሚሊዮን ብር ይሆናል። አሰልጣኝ፣ ሆቴልና መጓጓዣ አልተጨመረም። ጣሪያው ራሱ ብዙም ሳይቆይ የሚያፈስ ጣሪያ መሆኑ በክለቦች አካባቢ የአደባባይ ምስጢር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማህበር የክለቦችን ጠቅላላ የተጫዋች ክፍያ ወደ መገደብ መዞሩም ያለምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ለወረደ ክለብ የቀረው ምርጫ ጠባብ ነው። አንዱ አንጋፋ ተጫዋቾችን በአንድ ዓመት ውል ሰብስቦ ቶሎ ለመመለስ መሞከር ነው። ይህ ከተሳካ ያዋጣል፤ ካልተሳካ ግን ዕዳው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ዕዳ ደግሞ ቡድን ያፈርሳል፤ በፊፋ የዝውውር ደንብ የሁለት ወር ደሞዝ ያልተከፈለው ተጫዋች የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ሁለተኛው ከ20 ዓመት በታች ቡድኑን ወደ ላይ ማምጣት ነው። ርካሽ ነው፣ ለሰበታም ሆነ ለለገጣፎ ኪስ የሚስማማው ይኸኛው ነው። ነገር ግን ሦስት ዓመት ይፈልጋል፣ ከንቲባ ደግሞ ሦስት ዓመት መቆየቱን እርግጠኛ አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ገላንና ለገጣፎ ለገዳዲ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ከተማ በየራሱ ካዝና ያስብ የነበረውን አሁን አንድ ምክር ቤት ያስበዋል። የቡራዩ መንገድ፣ የገላን ውኃና የኳሱ ደሞዝ የሚጠይቁት ከአንድ በጀት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የተጫዋቾች ገበያም የሚጦፈው በዚያው ሰሞን ነው፤ በጀቱ እስኪጸድቅ የሚጠብቅ ክለብ ገበያው ላይ የሚደርሰው ሌሎች መርጠው ከጨረሱ በኋላ ነው።