መርከቧን አስጥሞ ሰዎቿን ለማዳን የተመለሰው አዛዥ

ዕለቱ መስከረም 2 ቀን 1935 ዓ.ም ነው። በሀገራችን የዘመን መለወጫ ድባብ ገና አላለፈም። በዚያ ምሽት ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ርቆ በሚገኘው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ላኮኒያ የተባለች ግዙፍ የእንግሊዝ መርከብ መብራቷን አጥፍታ ትጓዛለች። ከሱዌዝ ተነሥታ፣ ቀይ ባሕርን አልፋ፣ አፍሪካን በደቡብ በኩል ዞራ ወደ እንግሊዝ እያመራች ነበር። በውስጧ ከ2 ሺህ 700 በላይ ሰዎች ተሳፍረዋል። ከእነዚህ መካከል 1 ሺህ 800 ያህሉ በሰሜን አፍሪካ የተማረኩ የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። የእንግሊዝ ወታደሮች፣ ምርኮኞቹን የሚጠብቁ ፖላንዳውያን፣ ሴቶችና ሕጻናትም ነበሩባት።

ዩ-156 የተባለው የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ቨርነር ሀርተንስታይን ይህችን መርከብ ቀን ላይ ከሩቅ ተመልክቶ ጨለማ እስኪኾን ተከተላት። መርከቧ መድፍ የታጠቀች በመኾኗ በጦርነቱ ሕግ ዒላማ መኾን የምትችል ነበረች። ሲመሽ በቶርፔዶ መታት።

ሀርተንስታይን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 ፕላውን በተባለች የጀርመን ከተማ ተወለደ። በ20 ዓመቱ የባሕር ኃይሉን ተቀላቀለ። በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ ጃጓር የተባለች አነስተኛ የጦር መርከብን አዝዟል። በ1941 ደግሞ ዩ-156ን ተረከበ።

የእነዚህ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ዋና ተልዕኮ ምን እንደነበር መረዳት ያስፈልጋል። እንግሊዝ ከጦርነቱ በፊት ከምግቧ ከግማሽ በላይ የሚኾነውን ከባሕር ማዶ ታስገባ ነበር። ስንዴው፣ ሥጋው፣ ነዳጁና ማዳበሪያው በመርከብ ይመጣል። ጀርመን ያንን መንገድ ከቆረጠች እንግሊዝን በረሃብ ታንበረክካለች የሚል ስሌት ነበራት። ስለዚህም የእንግሊዝ ገበሬዎች የግጦሽ መሬታቸውን እያረሱ እህል እንዲዘሩበት ተደረገ፤ የከተማው ነዋሪም በጓሮው አትክልት እንዲያለማ ተቀሰቀሰ። ጦርነቱ በባሕር ላይ ቢካሄድም ውጤቱ እስከ ማሳና እስከ ጓዳ ይደርስ ነበር።

የዘመኑ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ዘወትር ከውኃ በታች የሚኖር አልነበረም። አብዛኛውን ጊዜ በናፍጣ ሞተር እየተንቀሳቀሰ በውኃው ገጽ ላይ ይጓዛል። የሚጠልቀው ለመሸሸግ ወይም ለማጥቃት ሲፈልግ ነው። ከውኃ በታች የሚሠራው በባትሪ በመኾኑ ባትሪው ሲደክም ወደ ላይ መውጣት ግዴታው ነው። በውኃው ገጽ ላይ ሳለ አውሮፕላን ከመጣበት ደግሞ ቀዳሚ ዒላማ ይኾናል። ለቀጣዩ ታሪክ ይህ ድክመት ወሳኝ ነው።

ሀርተንስታይን በየካቲት 1942 በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው አሩባ ደሴት የነዳጅ መርከቦችን በቶርፔዶ መታ። ቀጥሎ የነዳጅ ማጣሪያውን በመድፍ ሊመታ ሲል ተኳሾቹ የአፈሙዙን ክዳን ሳያነሡ ተኮሱ። መድፉ ፈንድቶ አንዱን ተኳሽ ገደለ፤ የሌላውን መኮንን እግር አሳጣ። አዛዡ የተበላሸውን የአፈሙዝ ጫፍ በመጋዝ አስቆርጦ በዚያው መድፍ ሌሎች መርከቦችን አሰጠመ። በዘመኑ ሁሉ 20 ያህል መርከቦችን አስጥሟል። በእያንዳንዱ ውስጥ ቤተሰብ የሚጠብቃቸው መርከበኞች ነበሩ።

ወደ ላኮኒያ እንመለስ። ሀርተንስታይን ወደምትሰጥመው መርከብ ሲጠጋ በጨለማው ውስጥ በጣሊያንኛ የሚጮኹ ሰዎችን ሰማ። የሀገሩን አጋር ወታደሮች መምታቱን ያን ጊዜ ተረዳ። ብዙዎቹ ምርኮኞች በመርከቧ የታችኛው ክፍል እንደተቆለፈባቸው ሰጥመዋል። የተረፉትን ማውጣት ሲጀምር ግን ጣሊያናውያንን ብቻ አልለየም፤ እንግሊዛውያንንና ፖላንዳውያንንም አወጣ። 193 ሰዎች ከተሳፈሩ በኋላ ባልተመሰጠረ ሬዲዮ በእንግሊዝኛ መልእክት አስተላለፈ። ያለበትን ቦታ ገልጾ፣ ካልተጠቃ በስተቀር ለማዳን የሚመጣን መርከብ ኹሉ እንደማይነካ አስታወቀ።

ሌሎች ሁለት የጀርመንና አንድ የጣሊያን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ለርዳታ ተላኩ። የፈረንሳይ መርከቦችም ከምዕራብ አፍሪካ ተነሡ። መስከረም 6 ቀን ግን ከአሴንሽን ደሴት የተነሣ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ደረሰ። ዩ-156 ትልቅ የቀይ መስቀል ሰንደቅ ዘርግቶ፣ ሰዎች የሞሉባቸውን ጀልባዎች እየጎተተ ነበር። አውሮፕላኑ ከሰፈሩ መመሪያ ጠየቀ፤ አስጥም ተባለ። ከተጣሉት ቦምቦች አንዱ በጀልባዎቹ መካከል ወድቆ ብዙዎችን ገደለ። ሀርተንስታይን ገመዱን አስፈትቶ፣ በመርከቡ ላይ የነበሩትን ወደ ውኃው አውርዶ ጠለቀ።

በመጨረሻ ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች ሲተርፉ ከ1 ሺህ 600 በላይ የሚኾኑት አለቁ። ከጀልባዎቹ አንዷ 27 ቀናት በውኃ ጥም ተንከራትታ ጥቂት ሰዎችን ብቻ ይዛ ላይቤሪያ ጠረፍ ደረሰች።

በማግሥቱ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የበላይ አዛዥ ካርል ዶኒትዝ ከሰጠሙ መርከቦች ሰው ማዳንን የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ። በዚያው ቀን ለሀርተንስታይን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሰጠው። ከጦርነቱ በኋላ ትእዛዙ በኑረምበርግ ችሎት በዶኒትዝ ላይ ማስረጃ ኾኖ ቀረበ። አሜሪካዊው አድሚራል ቼስተር ኒሚትዝ ግን የእርሳቸውም ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች በፓስፊክ ውቅያኖስ በተመሳሳይ መንገድ ይዋጉ እንደነበር በጽሑፍ መሰከሩ። ዶኒትዝ 10 ዓመት ቢፈረድበትም ችሎቱ ቅጣቱን የወሰነው በባሕር ሰርጓጅ ጦርነት ሕግ ጥሰት ላይ ተመሥርቶ እንዳልኾነ ገልጿል።

ሀርተንስታይን ይህን አላየም። የካቲት 29 ቀን 1935 ዓ.ም ከባርቤዶስ ደሴት በስተምሥራቅ የአሜሪካ አውሮፕላን ዩ-156ን በውኃው ገጽ ላይ አገኘው። ከመርከበኞቹ አንድም አልተረፈም።

ይህ ሰው ለናዚ ጀርመን የተዋጋና የብዙዎችን ሕይወት ያጠፋ ወታደር ነው፤ ንጹሕ ጀግና አድርጎ ማቅረብ ሟቾቹን መዘንጋት ይኾናል። ኾኖም ለአራት ቀናት የጠላቱን ሰዎች ከውኃ እየጎተተ አውጥቷል። የዚያ ሥራ ዋጋ የሚታወቀው ከተከለከለ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ባሕር ላይ ለወደቀው መርከበኛ የጠላት እጅ የሚዘረጋበት ዕድል ይበልጥ ጠበበ። በጦርነት ውስጥ ምሕረት ስትመታ የመጀመሪያው ተጎጂ ከፊቷ የቆመው ሰው ቢኾንም፣ ነገ ርዳታ የሚሻው ሌላውም አብሮ ይጎዳል።