በባለ 24 ቮልት የጭነት መኪኖች የሁለት ባትሪዎች ያልተመጣጠነ አሞላል

ከሚኤሶ ቆላ ተነሥቶ በጭሮና በሂርና በኩል ወደ ድሬዳዋ በሚዘልቀው መንገድ ጫት፣ ቡናና እህል ከሚያመላልሱት የጭነት መኪኖች በርካታዎቹ በ24 ቮልት ይሠራሉ። ይህ ቮልቴጅ የሚገኘው ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን በተከታታይ በማያያዝ ነው። ቴፕ፣ የስልክ ቻርጀርና ተጨማሪ መብራት ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለ 12 ቮልት ስለሆኑ፣ ከሻሲው ጋር ከተያያዘው ከታችኛው ባትሪ ብቻ ኃይል እንዲወስዱ ይደረጋል። ቀላል የሚመስለው ይህ አሠራር የሁለቱንም ባትሪዎች ዕድሜ ያሳጥራል።

አልተርኔተሩ፣ በጋራዥ አጠራር ዲናሞው፣ የሚቆጣጠረው የሁለቱን ባትሪዎች ድምር ቮልቴጅ ነው፤ ይህም 28 ቮልት ገደማ ነው። ባትሪዎቹ እኩል ከሆኑ እያንዳንዳቸው 14 ቮልት ይደርሳቸዋል። ሆኖም 3 አምፔር የሚወስድ መሣሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ለ8 ሰዓት ቢሠራ፣ ከታችኛው ባትሪ ብቻ 24 አምፔር-ሰዓት ይጎድላል። ሞተሩ ሲነሣ በሁለቱም ባትሪዎች ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት አንድ ዓይነት ስለሆነ ጉድለቱ አይካካስም። መሣሪያው በጉዞ ላይም እየሠራ ከሆነ ታችኛው የሚያገኘው ፍሰት ጭራሹን ያነሰ ይሆናል። ቀድሞ የሞላው የላይኛው ባትሪ ቮልቴጁ ከፍ ይላል። ለምሳሌ የላይኛው 14.8፣ ታችኛው 13.2 ቮልት ላይ ሲደርሱ ድምሩ 28 ስለሆነ ተቆጣጣሪው ፍሰቱን ይቀንሳል፤ ታችኛውም ሳይሞላ ይቀራል። ድምሩን ብቻ የሚያሳይ ጠቋሚ ይህን ለሾፌሩ አይገልጽለትም።

ሳይሞላ በሚቆየው ባትሪ ሳህኖች ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጠጥራል። ከልክ በላይ በሚሞላው ውስጥ ደግሞ ውሃው ወደ ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን እየተለያየ ይጎድላል። የደከመውን ብቻ በአዲስ መተካትም ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም፤ አዲሱና አሮጌው በአቅም ስለሚለያዩ አለመመጣጠኑ ይቀጥላል።

ችግሩን ከምንጩ የሚያስወግደው ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ ኮንቨርተር ነው፤ ኃይሉን ከሁለቱም ባትሪዎች እኩል ይወስዳልና። አለመመጣጠኑን ለማወቅ ሞተሩ ከጠፋ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻ መለካት ይበቃል። ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6፣ ግማሹ የቀረ 12.2 ቮልት ገደማ ያሳያል። ዝቅ ያለውን በባለ 12 ቮልት ቻርጀር ለብቻው መሙላት ይገባል። ጫት ትኩስነቱን ሲያጣ ዋጋውንም የሚያጣ ጭነት ስለሆነ፣ ሌሊት ሞተሩ አልነሣ ያለው መኪና የሚያስከትለው ኪሳራ ከባትሪው ዋጋ በላይ ሊሆን ይችላል።