ሰንበት፣ ማዕድና ፈተና፦ አይሁድ ተማሪዎች በአሜሪካ ግቢዎች



በጁሙዓ ሰዓት ላብ ተመድቦብን «የቱን እንተው?» ብለን ያልተጨነቅን ጥቂቶች ነን። የዶርም ጓደኞቻችንን ሳንቀሰቅስ ለፈጅር መነሳት፣ የቀረበልን ሥጋ የማን እርድ እንደሆነ መጠየቅ የየዕለት ኑሯችን ነው። ይህ ሁሉ የእኛ ብቻ ፈተና ይመስለናል። ግን አይደለም። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ አይሁዶችም በቁጥር አናሳ ሆነው ከመቶ ዓመት በላይ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ሲጋፈጡ ኖረዋል። እንዴት እንደተወጡት ማወቅ ለእኛም ይጠቅማል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ግቢ፣ ሁለት ማኅበራት

በ1920ዎቹ መጀመሪያ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት መግባት ሲጀምሩ ሁሉም ደስ ብሎት አልተቀበላቸውም። በ1922 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሎረንስ ሎውል የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር በኮታ እንዲገደብ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ገብተው የሚማሩትም ሌላ አደጋ ነበረባቸው፤ ከቤተሰብና ከምኩራብ ርቀው ሃይማኖታቸውን ቀስ በቀስ መርሳት።

በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ይህን አይቶ ካዘኑት አንዱ ኤድዋርድ ባልድዊን የተባለ ክርስቲያን ፕሮፌሰር ነበር። በ1923 ወጣቱ ረቢ ቤንጃሚን ፍራንክል በዚያው ግቢ «ሂለል» የተባለውን የአይሁድ ተማሪዎች ማዕከል መሠረተ። ስሙ የተወሰደው ከጥንት የአይሁድ ሊቅ ነው። ዛሬ ሂለል በመቶዎች በሚቆጠሩ ግቢዎች ይገኛል።

አርባ ዓመት ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 1963፣ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ሙስሊም ተማሪዎች ተሰብስበው የአሜሪካና የካናዳ ሙስሊም ተማሪዎች ማኅበርን፣ ኤምኤስኤን፣ መሠረቱ። የት? በዚያው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ!

ሰንበትና ፈተና

የአይሁድ ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ገብቶ ቅዳሜ ሲመሽ ይወጣል። ሕጉን አጥብቆ የሚይዝ ተማሪ በዚያ ጊዜ አይጽፍም፣ መኪና አይነዳም፣ መብራት አያበራም። ስለዚህ የቅዳሜ ፈተና መቀመጥ አይችልም። በኤሌክትሮኒክ ካርድ የሚከፈት የዶርም በርም ችግር ይሆንበታል፤ ካርዱን ማስጠጋት ኤሌክትሪክ ማሠራት ነውና። ተራ የብረት ቁልፍ እንዲሰጠው ይጠይቃል።

ዮም ኪፑር የሚባለው ታላቅ ጾማቸው ሃያ አምስት ሰዓት ያህል ያለ ምግብና ያለ ውኃ የሚያልፍ ነው። የሚውለው በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር ስለሆነ ከትምህርት ጋር ይገጫል። እንደ እኛ በጨረቃ ወር ቢቆጥሩም በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ አንድ ወር ይጨምራሉ። ስለዚህ በዓላቸው እንደ ረመዷናችን ወቅቶችን አይዞርም። ቀኑም በስሌት አስቀድሞ ስለሚታወቅ ተማሪው በሴሚስተሩ መጀመሪያ ለመምህሩ በጽሑፍ ማሳወቅ ይችላል። በኒውዮርክ ግዛት በእምነቱ ምክንያት ፈተና ያመለጠው ተማሪ ማካካሻ እንዲያገኝ በሕግ ተደንግጓል።

የጠየቁት ሁሉ ግን አልተሰጣቸውም። በ1997 በዬል ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ኦርቶዶክስ አይሁድ ተማሪዎች ወንድና ሴት በሚቀላቀሉበት ዶርም መኖር ከሥነ ሥርዓታችን ጋር ይጋጫል ብለው ከሰሱ። በፍርድ ቤት ተረቱ። ይህን ስናነብ የእህቶቻችን ጥያቄ ትዝ የማይለን የለም።

ማዕድና ቁጥር

ኮሸር የምግብ ሕጋቸው ነው። አሳማ የተከለከለ ነው፤ እንስሳው በሠለጠነ ሰው መታረድ አለበት፤ ሥጋና ወተት አይቀላቀሉም፤ ዕቃቸው እንኳ ለየብቻ ነው። ወይን ጠጅ ግን በእነርሱ ዘንድ የተፈቀደ ነው። ስለዚህ «ኮሸር» የሚል ምልክት ያለበት ሁሉ ለእኛ ሐላል ነው ማለት አይደለም። ቢሆንም ችግሩ ስለሚመሳሰል አብሮ መሥራት ተችሏል፤ በ2001 ዳርትማውዝ ኮሌጅ ኮሸርና ሐላል በአንድነት የሚያቀርብ መመገቢያ ከፍቷል።

ከስብከት በላይ ተማሪውን የሚያሰባስበው የዓርብ ማታ እራት ነው። በ1969 በሎስ አንጀለስ፣ በዩሲኤልኤ ግቢ አጠገብ፣ የጀመረው የሐባድ ቤትም የሚታወቀው በዚሁ ማዕድ ነው። አዲስ ገቢውን «ምን ያህል ታውቃለህ?» ብሎ ከመፈተን በፊት መመገብ!

ሌላም አለ። በኦርቶዶክስ አይሁዶች ዘንድ የጋራ ጸሎት እንዲሟላ አሥር ወንዶች ያስፈልጋሉ። በትንሽ ግቢ ዘጠኝ ሆነው አሥረኛውን የሚጠብቁበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አንድ ሰው ሲቀር ይታወቃል፤ ይፈለጋል፤ በሩ ይንኳኳል።

ሁሉም አንድ አይደሉም

ሕጉን አጥባቂ አለ፣ ለዘብተኛ አለ፣ በዓል ብቻ የሚያከብር አለ። በእስራኤል ጉዳይም ይከራከራሉ። በ2010 ሂለል በዚህ ጉዳይ እነማን መድረክ እንደሚያገኙ የሚገድብ መመሪያ አወጣ። በ2013 የስዋርዝሞር ኮሌጅ ሂለል ተማሪዎች መመሪያውን አንቀበልም አሉ። በኤፕሪል 2024 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለጋዛ ድንኳን ከተከሉት መካከል አይሁድ ተማሪዎች ነበሩ፤ የፋሲካ እራታቸውንም እዚያው በሉ። በዚያው ሰሞን ሌሎች አይሁድ ተማሪዎች በአይሁድነታችን ተሰደብን፣ ፈራን ብለው አቤት ብለዋል። ሁለቱም እውነት ነው። ለጋዛ ሕዝብ ማልቀስ ዕዳችን ነው፤ የአንድን መንግሥት ሥራ በአንድ ተማሪ ጫንቃ ላይ መጫን ግን ፍትሕ አይደለም። ሌላው ባጠፋው መጠየቅ ምን እንደሚመስል እኛ እናውቀዋለን። ቁርኣንም አህለል ኪታብን ሁሉ በአንድ ሚዛን እንዳንለካ አስተምሮናል።

እኛስ?

የጁሙዓንና የዒድን ነገር ፈተናው ሲደርስ በየግላችን ከመለመን፣ ሴሚስተሩ ሲጀመር እንደ ጀመዓ በጽሑፍ እናሳውቅ። ከደርሱ በፊት ማዕድ እንዘርጋ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንቆጣጠር። በመጀመሪያው ሳምንት ሶፍ ውስጥ አጠገባችን የነበረው ፍሬሽማን ዛሬ የት ነው? እኛ ያለ እርሱም ጀመዓ ሰግደናል፤ ሶላታችን አልጎደለም። ለዚህም ይሆናል መቅረቱን ሳናስተውል የቀረነው። ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ዶርሙን እናንኳኳ፣ ኢንሻ አላህ።