የቤታ ዓሣ ማዕድ፦ ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድ ገንዳ

ናይሮቢ ከምድር ወገብ ብዙም ባትርቅም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሌሊቷ የደጋ ነው። ዌስትላንድስ በሚባለው ሰፈሯ በአንድ አፓርታማ ሳሎን የተቀመጠ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ማሞቂያ ከሌለው በእነዚህ ወራት ውሃው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሊወርድ ይችላል። በውስጡ የሚዋኘው ቤታ ግን የታይላንድና የአካባቢዋ የሩዝ ማሳ፣ ረግረግና ቀስ ብሎ የሚፈስ ቦይ ተወላጅ ነው፤ የሚስማማውም ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ያለው ውሃ ነው። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ የውሃ እንስሳዋ አድርጋዋለች። ዓለም የሚያውቀው ግን በጠበኛነቱ ነው፤ ወንዶቹ ለውርርድ እንዲፋለሙ ለብዙ ትውልድ ስለተዳቀሉ ስሙ ከጠብ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ሁለት ወንዶችን አንድ ገንዳ ውስጥ ማኖር እንደማይቻል አያከራክርም። ከሌሎች የሞቃት አገር ዓሦች ጋር ሲኖር ግን ቤታን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ጠቡ ሳይሆን አመጋገቡ ነው፤ ባለቤቶችም በጸባዩ የሚያሳብቡት ብዙ ችግር ከመኖ አሰጣጥ የሚመጣ ነው።

ለዚህ ማስረጃው አካሉ ላይ ይገኛል። አፉ ወደ ላይ ያዘነበለ ነው፤ በተፈጥሮው ውሃው ላይ የወደቀ ነፍሳትና የትንኝ እጭ እየለቀመ የሚኖር ሥጋ በል ነው። ከስንጥቡ ሌላ በጭንቅላቱ ውስጥ የውጭ አየር የሚስብበት ክፍል ስላለው ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ ይመጣል። ሰው ለውበት ብሎ ያስረዘመለት ክንፍና ጅራት ደግሞ ፈጣን ዋናተኛነቱን ነጥቆታል። ኒዮን ቴትራ በመንጋ ሆኖ መኖውን ከመሃል ውሃ ይሻማል፤ ጋፒ የተገኘውን ሁሉ፣ አልጌም ጭምር፣ ይበላል፤ ኮሪዶራስ የሚባለው የአምባዛ ወገን ዓሣ ወለሉን እየቆፈረ ነው የሚመገበው። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ቁንጥር ስስ መኖ በገንዳው ላይ ቢበተን ቴትራዎቹ ቤታው ዞሮ ሳይጨርስ ያነሱታል። ባለቤቱ አዝኖ ይጨምራል፤ የተረፈው ይሰምጣል፣ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይሆናል። ተቃራኒው ነገርም ያጋጥማል፤ ደፋር ቤታ ለጎረቤቶቹ የተሰጠውን ዕፅዋት የበዛበት መኖ ጭምር ውጦ ሆዱ ይነፋል። ስለዚህ በአንድ ገንዳ ውስጥ አንዱ ሲራብ ሌላው ሊጠግብ፣ ውሃውም ለሁሉም ሊመረዝ ይችላል። የመኖው መጠን ሲጨመር ችግሩ ይብሳል እንጂ አይፈታም።

የሚፈታው ቦታና ሰዓት በመለየት ነው። ለቴትራና ለጋፒ የሚሆነው ስስ መኖ በገንዳው አንድ ጫፍ ይጣላል፤ እነሱ ወደዚያ ሲጎርፉ በሌላኛው ጫፍ ለቤታው ሁለት ሦስት ፍሬ ተንሳፋፊ መኖ ይሰጠዋል። ይህ መኖ ከነፍሳት ወይም ከዓሣ ሥጋ የተሠራ መሆን አለበት። ቤታ ጥቂት ቀን ከተደጋገመለት የራሱን ጥግ ይማራል። ለኮሪዶራስ ደግሞ የሚሰምጥ ፍሬ መብራት ከጠፋ በኋላ ይሰጣል፤ ቤታ በዓይኑ የሚያድን ስለሆነ በጨለማ አይሻማም፣ ኮሪዶራስ ግን በጢሙ ያገኘዋል። ብዙ አርቢዎች በሳምንት አንድ ቀን ምንም አይሰጡም፤ ለጾም እንግዳ ላልሆነው የእኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት አይከብድም።

«ዓሦቹ መስታወቱ ጋ እየመጡ ይለምናሉ፣ ስለዚህ ርቧቸዋል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ልመናው ሰውን ከመኖ ጋር ማያያዝን ስለተማሩ ነው፤ የጠገበም ይለምናል። «ታዲያ ቤታን ለብቻው ማኖር አይሻልም?» የሚለው የተሻለ ጥያቄ ነው። ጎረቤቱ ክንፍ የሚነክሰው ታይገር ባርብ ከሆነ፣ ወይም ቤታው ጅራተ ረጅም የሆነውን ጋፒ ተቀናቃኝ ወንድ አድርጎ ካየ በእርግጥ ይሻላል። ግን ብቸኝነት ከልክ በላይ ከመጥገብ አያድነውም፤ ትንሽ ሳህን ውስጥማ የተረፈ መኖ ውሃውን የሚያበላሸው ይበልጥ ፈጥኖ ነው። ከውጭ የሚገባ መኖ ውድ ነው የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ኬንያ ውስጥ ግን ሌላ አማራጭ አለ። በማሊንዲ አቅራቢያ ባሉ የጨው ማምረቻዎች አርቴሚያ የምትባለው ትንሽ የጨው ውሃ ፍጥረት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ገብታ ነበር፤ ከእንቁላሏ የምትፈለፈለው ለቤታም ለቴትራም የምትስማማ ምግብ ናት። ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው ደረቅ ኦሜና በየገበያው ይገኛል፤ ነገር ግን ፍርፋሪው ውሃ ስለሚያደፈርስ እጅግ በጥቂቱ እንጂ የዕለት መኖ አይሆንም። የትንኝ እጭ ለማርባት ብሎ በረንዳ ላይ ውሃ ማቆር ደግሞ የራስን ቤት ለበሽታ ማጋለጥ ነው።

የመብራት ጉዳይም ከማዕዱ አይነጠልም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 2023 አብዛኛው ኬንያ ለሰዓታት ጨለማ ውስጥ ገብቶ ነበር። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ይቆማል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ የዓሣው የምግብ መፈጨትም ይዘገያል። ፊልተሩ ሲቆም ደግሞ አሞኒያን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ያጥራቸዋል። በዚህ ሰዓት ቤታው ወደ ላይ ወጥቶ አየር ስለሚስብ ደህና ይመስላል፤ ቴትራዎቹ ግን በስንጥባቸው ብቻ ስለሚተነፍሱ መጀመሪያ የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ቤታውን አይቶ ገንዳው ደህና ነው ብሎ መፍረድ ስለዚህ አይገባም። መብራት እስኪመለስና ፊልተሩ እስኪሠራ ምንም አትስጧቸው፤ ጤነኛ ጎልማሳ ዓሣ ጥቂት ቀን ሳይበላ ይቆያል። አዲስ አበባ ከናይሮቢ 500 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ እዚያ ቤታ ለማሳደግ የሚያስብ ሰው ከዓሣው በፊት ማሞቂያና ቴርሞሜትር ይግዛ።